ስንቅ ያልመጣለት ዘፋኝ

ከመናኸሪያው አጥር ሥር ካለችው መደቤ ላይ ያነሱኝ ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናብ ሊጥል ሰማዩ ሲጠቁር ነው። በእጄ የቆሎ መስፈሪያ ጣሳ ይዤ ነበር። ወደ ደነባ የሚሄድ አንድ መንገደኛ ፌስታሉን ከፍቶ እስክሰፍርለት ይጠብቃል። ሁለት ፖሊሶች መጡ። አንደኛው ዘፈን የማጫውትባትን ትንሽ ስፒከር ከነሽቦዋ ነቀላት። ሌላው፣ የልጅ ልጄ ሊሆን የሚችል ልጅ፣ አንቺ እያለ ጠየቀኝ።

«ይህን ዘፈን ማን ሰጠሽ?»

«መንገድ ላይ የሚጮኽ ዘፈን ሰጪ አለው እንዴ?»

«ተነሽ።»

«ቆይ፣ የሰው ቆሎ ሰፍሬ ልጨርስ።»

ሰፍሬ፣ ምርቃቱን ጨምሬ ቀና ስል መንገደኛው የለም። ፌስታሉን ጥሎልኝ ሄዷል። ቅድም ከዘፈኑ ጋር አንገቱን ሲነቀንቅ የነበረው እሱ ነው።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ሳይሆን አይቀርም፤ ሽታው ከሲሚንቶው አልለቀቀም። መስኮት የለውም። ከቆርቆሮው በታች አንድ ብሎኬት ተነቅሎ የቀረ ቀዳዳ አለ፤ በሱ በኩል የሚታየው የሌላ ቤት ግድግዳ ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ የኖረበት ያውቀዋል፤ ነሐሴ ላይ ከመሬት ነው የሚወጣው። አንድ ሸራ አንጥፈን፣ ያሉንን ብርድ ልብሶች ደራርበን እንተኛለን። አንዷ ጎኗን ስትቀይር ሁላችንም መቀየር አለብን፤ ካልሆነ ብርድ ልብሱ አይዳረስም። ወደ ውጭ የምንወጣው ጠዋትና ማታ ለሽንት ነው። የቀረው ሰዓት የቆርቆሮው ነው። ዝናቡ ሲመታው አጠገብሽ ያለችው የምትለው አይሰማም። ሲያባራ የመቀርቀሪያ ድምፅ ይሰማል፤ ሁላችንም በሩን እናያለን፤ የተከፈተው የሌላ ክፍል ነው።

እዚያ የጠበቁኝ ሁለት ሴቶች ናቸው። አንዷ ከአልዩ አምባ በርበሬ እያወጣች የምትነግድ እስላም ናት፤ ድምጿ የገበያ ድምፅ ስለሆነ በሹክሹክታ ስታወራ እንኳ ዘበኛው ይሰማታል። ኬላ ላይ ስልኳ ሲፈተሽ ዘፈኑ ተገኘባት። ሁለተኛዋ ከእነዋሪ የመጣች ገበሬ ናት፤ ዝምተኛ። ልጇ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሊሄድ እኛ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ፣ ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰ አልታወቀም። ቢሮ ለቢሮ ስትዞር «እንዲህ ያለ ሰው አልያዝንም» አሏት። እሷም ስልኳን አውጥታ ዘፈኑን ከፈተችላቸው። «ይኸው፣ እሱ እንኳ ያውቃል» አለቻቸው። እንደ ምስክር ነበር ይዛው የዞረችው። እሷንም አሰሯት።

ስለ ዘፈኑ ልንገራችሁ። ልጆቹ ራፕ ይሉታል። መጀመሪያ ስሰማው «ይሄ ዘፈን ነው ጠብ?» ብዬ ነበር። ኋላ ጆሮዬ ሲለምደው አባቴን አስታወሰኝ። አባቴ በአንኮበር በኩል የታወቀ ተሟጋች ነበር። ዳኛ ፊት ቆሞ፣ ዱላውን እየሰበቀ፣ ነገሩን እየገጠመ ሲያወርደው ባላጋራው መተንፈሻ ያጣል። ይህም ልጅ እንደዚያው ነው። ፈጥኖ ይናገራል፣ ግን ይሟገታል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የሚለውን ሁሉ አልያዝኩም። ይህችን ግን ይዣታለሁ፦

«ቁርሱን በልቶ ወጣ፣ ትኬት ቆርጦ ገባ፤
ወንበሩ ባዶውን ደርሷል አዲስ አበባ።»

ከዚያ ተቀባዩ ይመጣል፦ «ያያችሁ ተናገሩ፣ ያያችሁ ተናገሩ።»

እኔ ውሎዬ መናኸሪያ ነው። ያኔ ሰው የሚታፈስበት ጊዜ ነበር። ወጣቶቹን ከመኪና ሲያወርዷቸው፣ መታወቂያቸውን ሰብስበው ሲያሰልፏቸው፣ ጭነው ሲወስዷቸው አይቻለሁ። አንደኛው የኔን ቆሎ በአፉ እንደያዘ ነው የተጫነው። ስለዚህ ዘፈኑን ጠዋት ከፍቼ ማታ እዘጋዋለሁ። ያየሁትን ነው የሚለው፤ ምን ብዬ ልዝጋው?

የእነዋሪዋ ሴት «የተዘፈነው ስለ ልጄ ነው» ትላለች። አንድ ቀን ነጋዴዋ፣

«ስንቱ ልጅ ቁርሱን በልቶ ይወጣል፣ እህቴ» አለቻት።

«የኔው ነው። ቁርሱን በልቶ ነው የወጣው። ገንፎ ነው ያበላሁት።»

ከዚያ ወዲያ ማንም አልተከራከራትም።

ዘፋኙንም ይዘውታል፤ ከኛ ክፍል ቀጥሎ ባለች ጠባብ እቃ ቤት ለብቻው ዘግተውበታል። ይህን የነገረችን እኛን የምትጠብቀው ሴት ፖሊስ ናት። ልጅ ናት፣ ከቆላ አገር ተመድባ የመጣች፤ ብርዱ ከኛ ይልቅ እሷን ያንገበግባታል። ፊቱን አላየነውም፤ ድምፁን እንጂ መልኩን በከተማው የሚያውቅ የለም። ከፋብሪካዎቹ በአንዱ የሚሠራ የሰው አገር ልጅ ነው ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግድግዳውን በጣቱ አንጓ እየመታ ምት ሲያወጣ እንሰማው ነበር። ኋላ ተወው። ሳሉ ብቻ ቀረ።

ምን እንደፈለጉበትም እሷው ነገረችን። ካሜራ ፊት ቁጭ ብሎ «ዘፈኑ ውሸት ነው፤ ከመናኸሪያ የተወሰደ ሰው የለም፤ ይቅርታ» እንዲል ነው። ካለ ይፈታል።

የእነዋሪዋ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «እንግዲህ ልጄን ከዘፈኑም ሊያወጡት ነው» አለች።

የታሰርኩ ሰሞን ልጄ ስንቅ ስታመላልስ፣ ዋስ ስትፈልግ ከረመች። ዋሱ ተገኝቶ፣ ነገ ጠዋት ትፈቻለሽ የተባልኩ ዕለት፣ አራተኛ ሰው ተጨመረብን። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ስለ ዘፋኙ ስልኳ ላይ ጽፋ ነው የያዟት። ፀጉሯ በዝናብ ርሶ፣ ዓይኗ እያበራ ገባች። ገና ሳትቀመጥ፣

«አድማ ላይ ነው» አለችን። «ምግብ አልበላም ብሏል። ከተማው ሁሉ ስለሱ ነው የሚያወራው። ሰዉ ሁሉ ስልኩ ላይ ለሱ የሻማ ሥዕል እየለጠፈ ነው። ጀግና እኮ ነው!»

«አልበላም ማለቱን ማን ነገራችሁ?» አልኳት።

«በር ላይ የሚቆሙ ልጆች አሉ፣ እማማ። ምግብ ሲገባለት አንድም ቀን አላዩም።»

እኔም ያን ጊዜ ነገሩ አልከነከነኝም። ነጋዴዋ «አላህ ያጽናው» አለች። የእነዋሪዋ አማተበች። ሁላችንም ወደዚያ ግድግዳ አየን፤ ኮራን።

ማታ ለሽንት ልታወጣን ሴቷ ፖሊስ በሩን ስትከፍት ተማሪዋ እጇን ያዘቻት።

«እባክሽ ንገሪው፣ ሁላችንም ከጎኑ ነን በይው። በአድማው እንዲጸና።»

«የምን አድማ?»

«ምግብ አልበላም ያለውን።»

ፖሊሷ ልትስቅ ጀምራ ተወችው። «ማን አቅርቦለት ነው አልበላም የሚለው? ጠያቂ የለውም። ጠዋት ከጣቢያው የምትሰጠውን አንዲት ዳቦ ፍርፋሪዋን ከሸራው ላይ እየለቀመ ነው የሚበላው።»

ተማሪዋ የያዘችውን እጅ ለቀቀች። ውጭ ቦዩ ሲፈስ ይሰማል።

«ስንቅ ያመጣ ስሙ ይመዘገባል ስለተባለ ማን ይመጣል?» አለች ፖሊሷ። «መርማሪዎቹም ይህንኑ ነው የሚሉት። ‹ከተማው ሁሉ ሰምቶህ አንድ ሰው ሳህን አልያዘልህም፤ ለማን ብለህ ነው?› ይሉታል። ምን ይመልስ? ዛሬ እሺ ብሏል። ነገ ካሜራው ይመጣል።»

ሽንት ቤት ደርሰን ተመለስን። በሩ ከኋላችን ሲዘጋ ተማሪዋን ጠየቅኳት።

«ስንት ዘፈኑን በቃልሽ ታውቂያለሽ?»

«ሁሉንም።»

«አገሩ የት ነው?»

ፀጉሯን ወደ ኋላ ሰበሰበች።

«እናት አለችው?»

«እንጃ።»

«ክርስቲያን ነው እስላም?»

«ምን ያደርግልናል፣ እማማ? አርቲስት እኮ ነው!»

«አርቲስት አይበላም?»

አለቀሰች። ልጅቱን ማስለቀሴ ደስ አላሰኘኝም፤ ግን አልጸጸተኝም። በእኛ አገር ሠርግ አንዷ ታወጣለች፣ ሌላው ይቀበላል። ተቀባይ ያጣች አውጪ በሰው ፊት ታፍራለች፤ ሁለተኛም አፏን አትከፍትም። አውጪዋ ድምጿ ሲዘጋ ውሃ የሚያቀብላት ያ የሚቀበለው ሰው ነው፤ በግጥሟ የተነካ ባላባት ቢቆጣ እንኳ «ሁላችንም ነን ያልነው» የሚልላት እሱ ነው። ይህን ልጅ አስወጥተነው፣ እኛ ጭብጨባውን ብቻ ወስደን ገባን። ይህ ደግ አይደለም። ፍርድም አይደለም።

ምን እንላክለት የሚለው ተነሣ። ነጋዴዋ ዕቃዋን ከፈተች፤ ከቤቷ የመጣላት ሥጋ ወጥ ነው።

«ክርስቲያን ከሆነ አይበላውም፤ ጾሙም ፍልሰታ ነው» አልኳት። «የኔ ሽሮ ደግሞ የትናንት ነው፤ ሻግቷል።»

«በሶ የለሽም እንዴ? ሻጯ አንቺ!»

ነበረኝ። ልጄ ለብርዱ ብላ በፌስታል አምጥታልኝ ነበር።

«በሶ ሃይማኖት የለውም» አለች ነጋዴዋ። «አምጪው። ጭብጦ እናድርገው። በርበሬውን ለኔ ተዪው።»

አማትቤ፣ በምሳ ዕቃው ክዳን ላይ በሶውን በውሃና በጨው ማላቆጥ ጀመርኩ። እሷ ከጉያዋ ትንሽ ቋጠሮ አውጥታ በርበሬ ነሰነሰችበት። የበርበሬ ነጋዴ የራሷን በርበሬ ይዛ እንደምትታሰር ያኔ አወቅኩ። እጇን ልታስገባ ስትል «ቢስሚላህ» አለች።

«ተይ እንጂ! ክርስቲያን ከሆነስ?»

«አንቺስ ቅድም ስታማትቢ አላየሁሽም? እስላም ከሆነስ?»

የእነዋሪዋ ሳቀች። ከተያዘች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። በመጨረሻ ሁለታችንም በሆዳችን እንድንጸልይ ተስማማን። ጭብጦውን ድብልብል አድርገን ክዳኑ ላይ ደረደርነው። የነጋዴዋ እጅ ለጋስ ነበር፤ ቀይ ሆነ።

በሩን መታሁ። ሴቷ ፖሊስ መጣች።

«ይህን ለጎረቤቴ አቀብይልኝ።»

«አልችልም፣ እማማ። ለሱ የሚገባ ሁሉ በሳጅኑ ፊት ነው።»

«ወደሱ ውሰጂኝ።»

ሳጅኑ ጎልማሳ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የታከተው ሰው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ቆርቆሮው ስለሚያፈስ ባሊ አስቀምጧል፤ ጠብታው እየተሰማ ነው የተነጋገርነው። ጭብጦውን አየ፤ እኔን አየ፤ መዝገቡን ገለጠ።

«የላኪ ስም ከነአያት። ዝምድና። ምኑ ነዎት?»

«አድማጩ ነኝ።»

«እናቱ ነዎት? አክስቱ?»

«አልወለድኩትም። ፊቱንም አላየሁት። ዘፈኑን ሰምቻለሁ።»

«እማማ፣ አድማጭ የሚባል ዝምድና የለም።»

«ስታስሩኝ ነበረ። ዘፈኑን ሰምተሻል፣ አሰምተሻል ብላችሁ አይደል ያመጣችሁኝ? ለማሰር ዝምድና ከሆነ ለማብላትም ይሆናል። ወይ ሁለቱንም ተዉት።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይስሙኝ። ይህን ከጻፍኩ ፋይልዎ ከሱ ጋር ይያያዛል። ዋስዎ ገብቷል፤ ነገ ቤትዎ ነዎት። ለአንድ ክዳን ጭብጦ ብለው?»

«ያለ ስም አስገባልኝ።»

«አይሆንም። ደንቡ አይደለም። ደግሞስ ያለ ስም ከገባ እሱ የጣቢያው ነው የሚመስለው።»

እውነቱን ነው። ስም የሌለው እህል ሆድ ይሞላ ይሆናል፤ ጠያቂ አለህ አይልም። ጉልበቴ ከሲሚንቶው የተነሣ አብጦ ነበር። ልቤ ሙሉ በሙሉ ቤቴ ነበር፤ በሐሳቤ ብርድ ልብሴን ሁሉ አጥፌ ጨርሻለሁ። ያቺ ክፍል ውስጥ እንደገና ከምገባ ባሊው ውስጥ ብገባ ይሻለኝ ነበር። ግን የእነዋሪዋ የተናገረችው አለ። ነገ ልጁ ውሸት ነው ካለ፣ እኔ ያየሁትም ውሸት ነው፤ ቆሎዬን በአፉ ይዞ የተጫነውም አልነበረም።

«ጻፍ» አልኩት።

ጻፈ። ዝምድና የሚለው ላይ ሲደርስ ትንሽ አሰበና «አድማጭ» ብሎ ሞላው። ከዚያ የጣት ቀለሙን ወደኔ ገፋው፤ አሮጊት ስለሆንኩ ነው።

«እስክሪብቶውን ስጠኝ» አልኩት። «በጣቴ አልፈርምም።»

ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም ጻፍኩ። ፊደሌ ትልልቅ ስለሆነ ከመስመሩ አለፈ። ሳጅኑ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

ስመለስ የእነዋሪዋ ቆማ ጠበቀችኝ። «ማን ብለሽ አስመዘገብሽ?»

«ራሴን።»

«የኔንስ?»

«ስምሽን ራስሽ ስጪ እንጂ።»

በሩን መታችና ሄዳ ስሟን አስጽፋ መጣች። ነጋዴዋ አንገቷን ደፋች። «ወላሂ እኔ አልችልም። ልጆቼ ትንንሾች ናቸው። ካደርኩበት በላይ ማደር አልችልም።»

«በርበሬሽ ገብቷል» አልኳት። ተማሪዋ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች፤ አባቷ ሊያስፈታት እየሮጠ ነበር። ብርድ ልብሱን ደረብኩላት።

ብዙም ሳይቆይ ሴቷ ፖሊስ ክዳኑን ከነስማችን አስረከበችው፤ ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ሳል፤ በርበሬው ይመስለኛል። ከዚያ የጣት አንጓ። ቀስ ብሎ ጀመረ፤ ምቱን ሁላችንም አወቅነው። ቃል አልነበረውም። ተቀባዩ የሚገባበት ቦታ ሲደርስ አቆመ። የእነዋሪዋ አፏን ግድግዳው ላይ አስጠግታ፣ ሙሾ እንደምታወጣ ሴት ሳይሆን ከብት እንደምትጠራ ሴት አድርጋ፣ «ያያችሁ ተናገሩ» አለች። ዘበኛው «ጸጥታ!» አለ።

ጠዋት ለመፈታት አልጠሩኝም። ዝናቡ አላባራም። ከዝናቡ ሥር መኪና ሲገባ፣ ሰው ሲራመድ፣ የጎረቤታችን መቀርቀሪያ ሲከፈት ሰማን። ከዚያ ምንም። በዚያ ሁሉ ሰዓት የሰማነው ቆርቆሮውን ብቻ ነው። የእነዋሪዋ ቁጭ ብላ እጇን በእጇ ይዛለች። ልጇ የሚኖርበት ወይም የማይኖርበት ነገር ከግቢው ማዶ በአንድ ክፍል እየተነገረ ነው፤ እኛ አንሰማም።

ቀትር ላይ በሩ ተከፈተ። ሴቷ ፖሊስ ወደ ውስጥ ገብታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እንቢ አለ።»

«ምን ብሎ?»

«‹ትናንት ጠያቂ የለህም ስላላችሁኝ እሺ አልኩ። ጠያቂ አለኝ› አላቸው። ሌላ አልተናገረም።» ከዚያ ወደ ነጋዴዋ ዞረች። «በርበሬውን ማን እንደጨመረው ጠይቂልኝ ብሎኛል። አቃጥሎታል።»

«የአልዩ አምባ ነው በይው! እንደዚያ ነው የሚያቃጥለው!» አለች ነጋዴዋ፤ ዘበኛው እንደገና ጮኸብን። ቆይታ ደግሞ፣ «ለመሆኑ እስላም ነው ክርስቲያን?» አለች።

«አልጠየቅኩትም። ክዳኑን ጠርጎ ነው የመለሰው።»

ልጄ በዚያ ቀን ልትወስደኝ ታክሲ አስቁማ መጥታ ነበር። አጥሩ ጋ ጥቂት ደቂቃ ሰጡን።

«እናቴ፣ አብደሻል? ስንት ሰው ለምኜ ያመጣሁትን ዋስ!»

«ዋሱ አይሻግትም፤ አቆይው። ይልቅ ስሚኝ። ውጪ ያሉትን ልጆች አድማ የሚባል ነገር የለም በያቸው። ርቦት ነው በያቸው። ሻማውን ይተዉና ዳቦ ያምጡ።»

ተቆጥታ ሄደች፤ ግን ነገረች። በማግስቱ በሩ ላይ ጠያቂ መጥቶለታል ተባለ። ያን ዘፈን በየታክሲው፣ በየፀጉር ቤቱ፣ በየግቢው ያልሰማ አልነበረም። የመጡት በአንድ ባጃጅ የሚጫኑ ነበሩ። አንዷ ዳቦ ጋጋሪ፣ አንዱ ሹፌር፣ አንዱ አብሮት ፋብሪካ የሚሠራ። በመዝገቡ ላይ ዝምድናቸውን ምን ብለው እንዳስሞሉ አላውቅም። ሳጅኑ አስገባቸው።

ከሳምንት በኋላ ልጁን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት። በሩ በዚያች ሰዓት ክፍት ስለነበር ጀርባውን አየሁት። ቀጭን ነው፤ ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ጥሏል። ዞር አላለም። ነጋዴዋና ተማሪዋ ቀድመው ተፈቱ። እኔና የእነዋሪዋ አዲሱን ዓመት እዚያው ተቀበልን፤ ብርድ ልብሱ ግን ለሁለት በቃን።

ዛሬ መደቤ ላይ ነኝ። ልጁ ከብዙ ጊዜ በኋላ ተፈቷል፤ ይዘፍናልም ይላሉ። አልተገናኘንም። ፊቱን ስለማላውቀው ምናልባት ቆሎ ሸጬለት ይሆናል። አዳዲሶቹ ዘፈኖቹ ይበልጥ ይፈጥኑብኛል፤ አንዳንዱም አይጥመኝም። እንዲጥመኝ ብዬ አይደለም የምሰማው። ወጣቶቹ መጥተው ታሪኩን ሲጠይቁኝ «እኛም በጣም እንወደዋለን» ይሉኛል። ወደዱት፣ ደግ። የሚወዱትን ሰው ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚያድር፣ ሲታሰር ማን እንደሚሄድለት እጠይቃቸዋለሁ። ስልካቸውን ያያሉ። እኔ የተማርኩ አይደለሁም፤ ይህን ግን አውቃለሁ፦ እውነት የተናገረልህን ሰው ሰምተህ ብቻውን ከተውከው፣ ከሳሾቹ ያላገኙትን ምስክር አንተ ሰጠሃቸው። ሰው የለውም ብለህ መሰከርክበት።

የእነዋሪዋ አሁንም ወደ ደብረ ብርሃን ትመጣለች። ቢሮዎቹን ትዞራለች፤ «እንዲህ ያለ ሰው አልያዝንም» ይሏታል። ሲደክማት እኔ ጋ መጥታ ከመደቡ ጫፍ ትቀመጣለች። ስለ ልጇ አናወራም፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ እናወራለን። ባለፈው ስትመጣ ከመናኸሪያው በር ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመው ነበር። ስፒከሯ ላይ ያ ዘፈን ይጫወታል፤ አሳንሼዋለሁ። ባዶው ወንበር ጋ ሲደርስ የእነዋሪዋ ወሬዋን አቋርጣ ቀና አለች።

«እትዬ፣ አይሰማም» አለችኝ። «ትንሽ ጨምሪው።»

ጨመርኩት።